ጸጥ ያለው ኮምፒውተር፦ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ወደ ዴስክቶፕ የተሻገረበት መንገድ

የግል ኮምፒውተር ሲጀመር ፕሮሰሰሩ ፋን አያስፈልገውም ነበር። አይቢኤም በ1981 ለገበያ ባቀረበው ፒሲ ውስጥ የነበረው 8088 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋን ቀርቶ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ (ሂትሲንክ) እንኳ አልተደረገለትም፤ እርቃኑን ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ከሳጥኑ የሚሰማው የፓወር ሰፕላዩ ፋንና የፍሎፒው ድምፅ ነበር። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ደግሞ ያንንም አልፈለገውም። የ1984ቱ ማኪንቶሽ ያለ አንዳች ፋን እንዲወጣ አጥብቆ የያዘው እሱ ነው፤ ሙቀቱ በራሱ ወደ ላይ እየወጣ በክዳኑ ክፍተቶች እንዲያመልጥ ተደረገ። ጆብስ ከኩባንያው ከወጣ በኋላ በ1987 የመጣው ማኪንቶሽ ኤስኢ ግን ፋን ገባለት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በፍጥነት ነው፦ ስንት ሜጋኸርዝ፣ ስንት ጊጋኸርዝ። እኔ በሙቀት ቢተረክ ይሻላል ባይ ነኝ። ሌሊት ቁጭ ብላ የምትጽፍ ሴት፣ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ሙዚቀኛ፣ ሕፃን በተኛበት ክፍል የሚሠራ አባት ስለ ኮምፒውተራቸው ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጣባቸው ጊጋኸርዙ አይደለም። ታሪኩን በሙቀት በኩል ስናየው ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ዴስክቶፑን ጸጥ ያሰኙት የተሻለ ፋን የሠሩ ወይም ኬዙን በስፖንጅ የለበጡ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ትልቁን ሥራ የሠሩት ስለ ዴስክቶፕ ጨርሶ የማያስቡ፣ ጭንቀታቸው ሁሉ የላፕቶፕ ባትሪ የነበረ መሐንዲሶች ናቸው።

በፕሮሰሰር ላይ ፋን መትከል በ486 ዘመን መጨረሻ ብቅ ብሎ በ1993 ከፔንቲየም ጋር የተለመደ ነገር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ባለ 60 እና ባለ 66 ሜጋኸርዝ ፔንቲየሞች በ5 ቮልት ይሠሩ ስለነበር በጣም ይሞቁ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሩጫ ነው። በማርች 2000 ፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ የአንድ ጊጋኸርዝን ድንበር ተሻገረ፤ ተፎካካሪው ኢንቴል በሁለት ቀን ልዩነት ተከተለው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፔንቲየም 4 መጣ።

ፔንቲየም 4 የተነደፈው ጊጋኸርዙ ከፍ እንዲል ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ በ20 ትናንሽ ደረጃዎች ከፋፍሎ ያሳልፈዋል፤ ደረጃው አጭር ስለሆነ በጊጋኸርዝ የሚለካው የፕሮሰሰሩ ሰዓት ቶሎ ቶሎ ሊመታ ይችላል። በፌብሩዋሪ 2004 የመጣው ፕሬስኮት የተባለው ትውልድ ደረጃዎቹን ወደ 31 አሳደጋቸው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፕሮሰሰር ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ ገምቶ ይጀምራል፤ ግምቱን ሲስት በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ይነሳል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚጣለው ሥራ ይበዛል፤ የሚጣል ሥራም ኤሌክትሪክ በልቶ ነው የሚጣለው። ፈጣኖቹ ፕሬስኮቶች እስከ 115 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያወጡ ነበር። ይህ የድሮው መቶ ሻማ አምፖል የሚያወጣውን ሙቀት ሁሉ ስፋቱ ከአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ብዙም በማይበልጥ ሲሊከን ላይ እንደማከማቸት ነው። እሱን ለማብረድ የተተከለው ፋን እየጮኸ ይሽከረከራል፤ የቪዲዮ ካርዱ የራሱ ፋን አለው፤ ፓወር ሰፕላዩ ሌላ፤ ኬዙም ከኋላ አንድ ሁለት ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ሕጎችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው ታሪክ በሙሉ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነውና። የመጀመሪያው የቺፑ ነው። አንድ ቺፕ ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከሰዓት ምቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ይጨምራል። ምቱን በግማሽ ብንቀንስ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁን በግማሽ ብንቀንስ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለተኛው የፋን ነው። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየር በግማሽ ብቻ ሲቀንስ፣ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የ10 ዴሲቤል መቀነስ ለሰው ጆሮ ድምፁ በግማሽ እንደረገበ ሆኖ ስለሚሰማ፣ 15 ዴሲቤል ሲቀንስ ድምፁ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ የረገበ ሆኖ ይሰማል። እንግዲህ ከቮልቴጁ ጥቂት መቀነስ የቻለ ሰው ሙቀቱን ብዙ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ፋኑ ይዘገያል፤ ፋኑ ሲዘገይ ድምፁ ከሚጠበቀው በላይ ይረግባል። ትርፉ በየደረጃው እየተባዛ ይሄዳል።

የዴስክቶፕ ነዳፊዎች ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ያስገደዳቸው ነገር ስላልነበረ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ይመጣል፣ ሳጥኑም ሰፊ ነው። ላፕቶፕ የሚሠሩት ግን ምርጫ አልነበራቸውም። ኢንቴል በ1990 ያወጣው 386ኤስኤል ሥራ ሲፈታ ራሱን የሚያሳርፍ፣ ለተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ ፕሮሰሰር ነበር። በጃንዋሪ 2000 ትራንስሜታ የተባለ አዲስ ኩባንያ ክሩሶ የተሰኘ ቺፕ ይዞ ብቅ አለ፤ እንደ ሥራው ብዛት ምቱንና ቮልቴጁን አብሮ ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። ክሩሶ በፍጥነት ደካማ ስለነበረ ብዙ አልገፋም፤ ሐሳቡ ግን ሁሉም ዘንድ ገባ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከሀይፋ ነው። ኢንቴል በዚያች የእስራኤል የወደብ ከተማ የንድፍ ማዕከል የከፈተው በ1974 ሲሆን፣ የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ የተሠራበት 8088 ራሱ የተነደፈው እዚያው ነው። የሀይፋ መሐንዲሶች በ1990ዎቹ መጨረሻ ቲምና የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር ሲሠሩ ቆይተው በ2000 ፕሮጀክቱ ሳይወጣ ተሰረዘ። ቀጥሎ የያዙት ሥራ ከመነሻው ለላፕቶፕ ብቻ የሚታሰብ ፕሮሰሰር ነበር። ሙሊ ኤደንን የመሳሰሉ የቡድኑ መሪዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ብዙ መሟገት ነበረባቸው። ገበያው በጊጋኸርዝ በሚሸጥበት ዘመን ጊጋኸርዙ ዝቅ ያለ ቺፕ እናውጣ ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ክርክር ነው።

ውጤቱ በሄርሞን ተራራ ግርጌ ባለ ምንጭ ስም ባንያስ ተብሎ ተሰየመ፤ በማርች 2003 ፔንቲየም ኤም ተብሎ ለገበያ ወጣ። የውስጥ መንገዱ ከፔንቲየም 4 አጭር፣ ግምቱ ደግሞ የሰላ ነበር። 77 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች ይዞ ትልቁ ድርሻቸው የዋለው ለ1 ሜጋባይት ካሽ (ቺፑ ውስጥ ላለ ፈጣን ማስታወሻ) ነው፤ ያውም ካሹ ሁሉ ሁልጊዜ አይነቃም፣ የሚፈለገው ክፍል ብቻ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። 1.6 ጊጋኸርዝ ባንያስ በብዙ ሥራዎች ከ2.4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ጋር ይተካከል ነበር፤ የሙቀቱ ጣሪያ ግን 24.5 ዋት ነው።

በዚሁ ቺፕ ላይ ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። 1.6 ጊጋኸርዝ ሲሠራ ቮልቴጁ 1.484 ነው። ሥራው ሲቀንስ በስድስት እርከን እየወረደ 600 ሜጋኸርዝ ላይ ሲደርስ ቮልቴጁ 0.956 ይሆናል። ምቱ ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ወረደ፤ ቮልቴጁ በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ሁለቱ ሲባዙ ቺፑ ለሥራ የሚያውለው ኃይል ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ተጠቃሚው ደብዳቤ እየጻፈ ባለበት ሰዓት፣ ማለትም በአብዛኛው ጊዜ፣ ቺፑ የሚያወጣው ሙቀት ጥቂት ዋት ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ለማብረድ ሰፋ ያለ አሉሚኒየምና ነፃ አየር ይበቃል።

ይህን ቁጥር አንብበው ወዲያው ሌላ ነገር የታያቸው ሰዎች ነበሩ። ጸጥታ የሚወዱ፣ ኮምፒውተራቸውን በእጃቸው የሚገጣጥሙ፣ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ናቸው። ላፕቶፑ ውስጥ ይህን ያህል ቀዝቃዛ የሆነ ቺፕ ሰፊ ኬዝ ውስጥ፣ ትልቅ ሂትሲንክ ሥር ቢቀመጥስ? በቀላሉ የጀመሩት ከኤኤምዲ ጋር ነበር። አትሎን ኤክስፒ-ኤም የተባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ቅርጹ ከዴስክቶፑ ወንድሙ ጋር አንድ ስለሆነ ተራ ማዘርቦርድ ላይ ይገጥማል። 2500+ ተብሎ የሚሸጠው በ1.45 ቮልትና በ45 ዋት የተመደበ ሲሆን፣ የሰዓት ብዜቱም (ምቱን የሚወስነው ቁጥር) ያልተቆለፈ ነበር። ብዙዎች የገዙት ከመጠን በላይ ሊያስሮጡት ነው፤ ጸጥታ ፈላጊዎቹ ግን በተቃራኒው ቮልቴጁን እያወረዱ፣ ፋኑን እስከማይሰማ ድረስ አዘገዩት። በ2005 የመጣው ቱሪየን 64ም ሶኬት 754 ባላቸው የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ላይ ይሠራ ነበር፤ ኤምቲ የሚል መለያ ያላቸው በ25 ዋት የተመደቡ ነበሩ።

ፔንቲየም ኤም ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ሶኬቱ ከዴስክቶፑ የተለየ ነው፤ ኢንቴልም ለዴስክቶፕ አላሰበውም። በ2004 ዲኤፍአይ እና ኤኦፐን የተባሉት የታይዋን ኩባንያዎች ለእሱ የሚሆኑ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች አወጡ፤ ዋጋቸው ግን ከተራው ማዘርቦርድ በጣም ይበልጥ ነበር፣ ፕሮሰሰሩም እንደዚያው። በ2005 አሱስ የበለጠ ብልሃት ያለው ነገር ይዞ መጣ፦ ሲቲ-479 የሚባል ትንሽ አስማሚ። በተራ የፔንቲየም 4 ማዘርቦርድ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ በእሱ ላይ ፔንቲየም ኤም ይቀመጣል፤ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ደግሞ የሚያገኘው ለፍሎፒ ድራይቭ ከተሠራች ቀጭን ሽቦ ነው። የሚሠራው ለተወሰኑ የአሱስ ማዘርቦርዶች ብቻ ቢሆንም፣ ማዘርቦርድ መለወጥ ሳያስፈልግ መቶ ዋት የሚያወጣውን ቺፕ አንስቶ ሃያ ምናምን ዋት የሚያወጣውን መተካት ተቻለ።

የመግጠሙ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዴስክቶፑ ፔንቲየም 4 በላዩ የብረት ክዳን አለው፤ የላፕቶፑ ፔንቲየም ኤም የለውም። ቀጭን እንዲሆን ተብሎ ሲሊከኑ ራቁቱን መሃል ላይ ይታያል፤ የሚያብረቀርቅ፣ ስፋቱ ከአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ያነሰ፣ ጠርዙ እንደ መስታወት የሚሰበር። በላፕቶፕ ሶኬት ላይ ቺፑ የሚቆለፈው በማንሻ ሳይሆን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ግማሽ ዙር በምትዞር ብሎን ነው። ከዚያ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ እጅግ ስስ ሆኖ ይቀባል። ቀጥሎ ከባዱ ነገር ይመጣል፦ ሂትሲንኩን ማሳረፍ። ክዳን ስለሌለው ቺፑ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ለፔንቲየም 4 የተሠራ ማቀዝቀዣ ወይ አይደርስበትም፣ ወይ ደርሶ በከባድ ስፕሪንግ ይጫነዋል። በአንድ በኩል ቀድሞ ከተጠበቀ የሲሊከኑ ማዕዘን ይሸረፋል፤ ቺፑም ያኔውኑ ያበቃለታል። ስለዚህ አራቱ ብሎኖች በመስቀልኛ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባሉ ይጠብቃሉ። ይህን ሥራ በትዕግሥት የጨረሰ ሰው ያገኘው ኮምፒውተር ማታ በጸጥታ ውስጥ ተቀምጦ መብራቱን ካላየ በቀር መሥራቱን አለመሥራቱን የማያውቀው ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሃርድ ዲስኩ ድምፅ ነው፤ እሱንም በላስቲክ አንጠልጥለው ያስታገሡት አሉ።

ሌላ አቋራጭ የሞከሩም ነበሩ። የታይዋኑ ቪአይኤ 17 በ17 ሴንቲሜትር የሆነውን ሚኒ-አይቲኤክስ የተባለ የማዘርቦርድ መጠን ፈጠረ፤ በላዩም ያለ ፋን የሚሠሩ ኤደን የተባሉ ፕሮሰሰሮቹን አስቀመጠ። ጸጥታው እውነተኛ ነበር፤ አቅሙ ግን ፊልም ለማጫወት እንኳ የሚቸገር ነበር። በ2008 የመጣው የኢንቴል አተምም በዚሁ መንገድ ሄደ። እኔ እነዚህን የጸጥታ ታሪክ ዋና መስመር አድርጌ አላያቸውም፤ ድምፁን ያጠፉት ሥራውንም አብረው በመቀነስ ነውና። የማዘርቦርዱ መጠን ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለዚህ ቪአይኤ ምስጋና ይገባዋል።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች ነገሩን የተረዱት ጸጥታ ፈላጊዎቹ በእጃቸው ሲገጣጥሙ በነበሩበት ሰሞን ነው። ኢንቴል በሜይ 2004 የፕሬስኮትን ተተኪ ቴጃስን ሰረዘ። በኦክቶበር ባለ 4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 መተዉን አስታወቀ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ክሬግ ባሬትም በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። አፕል በበኩሉ በ2003 ያወጣው ፓወር ማክ ጂ5 ዘጠኝ ፋኖች ነበሩት፤ በውስጡ የነበረው ፕሮሰሰር ላፕቶፕ ውስጥ ሊገባ የሚችል ሆኖ አልተገኘም። ወደ አፕል ተመልሶ የነበረው ጆብስ በጁን 2005 ወደ ኢንቴል መሻገራቸውን ሲያስታውቅ ዋና ምክንያቱ ለእያንዳንዱ ዋት የሚገኘው የሥራ መጠን ነበር። በጃንዋሪ 2006 የቀረበው የመጀመሪያው ባለ ኢንቴል አይማክ በውስጡ የያዘው ኮር ዱዎ የባንያስ ዘር የሆነ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነው፤ ጥቂት ሰዎች በካቻቢቴና በአስማሚ ሲሠሩት የነበረው ነገር አሁን ከፋብሪካ ወጣ። በጁላይ 2006 ደግሞ በሀይፋ ንድፍ ላይ የተመሠረተው ኮር 2 ዱዎ የፔንቲየም 4ን መንገድ ዘጋው። የዴስክቶፑ ዝርያ በ65 ዋት ተመድቦ 100 ዋት ያልፍ የነበረውን ወንድሙን በሥራ በልጦታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ውጊያው አልቆ ነበርና። ኢንቴል ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ነክ ብሎ የሸጣቸው 10 በ10 ሴንቲሜትር ገደማ ማዘርቦርድ ያላቸው ኮምፒውተሮች ከመጀመሪያው የላፕቶፕ ቺፕ የያዙ ነበሩ፤ በ2023 ሥራውን ለአሱስ አስረከበ። በ2020 አፕል ኤም1ን ሲያወጣ ቺፑ የመጣው ከስልክ በኩል ነው፤ በወቅቱ የቺፕ ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ጆኒ ስሩጂ የሀይፋ ተወላጅ፣ ቀድሞም እዚያው ኢንቴል የሠራ መሐንዲስ ነው። ያው ቺፕ በማክቡክ ኤር ውስጥ ያለ ፋን ይሠራል፤ በማክ ሚኒ ውስጥ ደግሞ፣ አፕል ራሱ ባወጣው መለኪያ፣ ኮምፒውተሩ በሙሉ ቢበዛ 39 ዋት ይወስዳል። የ2018ቱ ባለ ኢንቴል ማክ ሚኒ 122 ዋት ይደርስ ነበር።

በእጅ መግጠም ለሚወዱ ግን አንድ በር ተዘግቷል። ከ2013ቱ ሃስዌል ትውልድ በኋላ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በሶኬት መሸጥ ቀርቶ ማዘርቦርዱ ላይ የሚበየዱ ሆኑ። ቺፑን ለብቻው ገዝቶ ሌላ ቤት ማስቀመጥ አይቻልም። ክፍተቱን የሞሉት የቻይና አምራቾች ናቸው፤ ኤሪንግና ሚኒስፎረም የላፕቶፕ ቺፕ የተበየደበት፣ በመጠኑ ግን ተራ ኬዝ ውስጥ የሚገባ ማዘርቦርድ ይሸጣሉ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የዋት ጉዳይ ከጸጥታም ያልፋል። በቤትና በትንንሽ ቢሮ የምናየው አነስተኛ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የያዘው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በመለወጥና በባትሪው ድካም የሚባክነውን ቀንሰን ግማሹን ብቻ እንቁጠር። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ 20 ዋት፣ ሞኒተሩም 20 ዋት የሚወስድ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል ይሠራል። ኮምፒውተሩ 130 ዋት ከወሰደ ግን ሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ካልሆነ አይበቃም። አቧራም አለ። ፋን የሚገፋው አየር ሁሉ አቧራ ይዞ ይገባል፤ አቧራው ሂትሲንኩን ሲደፍነው ፋኑ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የበለጠ ያስገባል። ብዙ አየር የማያስፈልገው ኮምፒውተር ወደ መጠገኛ ቤት የሚሄደው ዘግይቶ ነው።

ዛሬ ጸጥ ያለ ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ብቻ መግዛት የለበትም። አዲሶቹ የላፕቶፕ ቺፖች ለአጭር ጊዜ ከተመደበላቸው ሁለት ሦስት እጥፍ ኃይል እንዲወስዱ ይፈቀድላቸዋል። አራትና አምስት ሴንቲሜትር የምትሆን ፋን ባላት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይህ ሲሆን የሚሰማው ጩኸት ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን ካለው ትልቅ ዴስክቶፕ የባሰ ነው። ሳጥኗ ትንሽ መሆኗ ለጠረጴዛው እንጂ ለጆሮ አይጠቅምም። የ2005ቱ ሰዎች የተሳካላቸው ቀዝቃዛውን ቺፕ ከትልቅ ሂትሲንክ ጋር ስላገናኙት ነው። ስለዚህ ማዘርቦርዱ የኃይል ጣሪያ ለመወሰን የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ጣሪያውን 25 ዋት አካባቢ ማሰር፣ ኬዙ ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን የሚይዝ እንዲሆን ማድረግና ፋኑን በሚሽከረከርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ መተው ይበጃል። ቪዲዮ ሲቀናበር ሥራው ጥቂት ደቂቃዎች ይዘገይ ይሆናል፤ ማይክሮፎኑ ግን አጠገቡ ተቀምጦ የሚቀዳው የተናጋሪውን ድምፅ ብቻ ነው።